ጢስ ዓባይ በሳይክል ስትሄዱ እባካችሁ እነዚህን አትድገሙ

ባለፈው እሁድ ደሞ አንድ ልጅ መንገድ ዳር ጉልበቱን ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት፣ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። «ምነው?» ስለው «ጋሼ፣ ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይወጋኛል» አለኝ። ሳይክሉን ሳየው መቀመጫው እስከ መጨረሻው ወርዷል። በዚህ ዓመት ብቻ ስንተኛዬ እንደሆነ አላውቅም፣ በቃ ልጻፈው ብዬ ነው።

የመቀመጫ ነገር ያንገበግበኛል። ባህር ዳር ሁላችንም ሳይክል የለመድነው ሜዳ ላይ ነው፣ ባጃጅ ድንገት ሲቆምብን ሁለት እግራችን መሬት እንዲነካ መቀመጫውን እናወርደዋለን። ከቀበሌ 14 ገበያ ደርሶ ለመመለስ ችግር የለውም። ጢስ ዓባይ ግን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ 60፣ ያን ሁሉ መንገድ ጉልበታችሁ ከልክ በላይ እየታጠፈ ሲገፋ እንዴት አያምም! ማስተካከሉ ደሞ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው እኮ። ግድግዳ ተደግፋችሁ ውጡበት፣ አንዱን ፔዳል እስከ ታች አውርዱና ተረከዛችሁን ላዩ ላይ አድርጉ። እግራችሁ ቀጥ ካለና ዳሌያችሁ ወደ ጎን ካልወረደ ልክ ነው። ስትነዱ ግን በተረከዝ ሳይሆን በእግራችሁ ፊት ነው የምትረግጡት፣ ያኔ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ይላል፣ የሚፈለገውም እሱ ነው። የመቀመጫው ቱቦ ላይ የተሰመረውን ምልክት አልፋችሁ አታውጡት፣ ይሰበራል። ስትቆሙ ከመቀመጫው ወደፊት ወርዳችሁ ቁሙ፣ በሁለት ቀን ትለምዱታላችሁ። ለልጁም መንገድ ላይ ከፍ አደረግኩለት፣ ቀስ እያለ ቤቱ ገባ።

የኪራይ ሳይክል ስትወስዱ ሁለቱንም ፍሬን ሳትሞክሩ ብር አትክፈሉ።

ካላማዳሪያ (ጎማው ውስጥ የሚነፋው ላስቲክ) ሲቀየር የሚሠራ ስህተት አለ፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። ያኔ መንገዱ ሙሉው ጠጠር ነበር፣ ጎማዬ ፈሰሰ፣ ትርፍ ይዤ ስለነበር ቶሎ ቀየርኩና በፖምፓ ነፍቼ ተነሳሁ። ብዙ ሳልሄድ ፍሽሽ። የግራር እሾህ ጫፉ ተሰብሮ ጎማው ውስጥ ቀርቶ ኖሯል፣ ከውጭ አይታይም፣ በጣት ስትዳስሱት ብቻ ነው የሚቆረቁረው። ሁለተኛ ካላማዳሪያ የለኝ፣ ማስቲሽ የለኝ፣ ሳይክሌን እየገፋሁ ጎሚስታ እስካገኝ ፀሐይ አናቴን በላችው። ስለዚህ የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ ሳትዳስሱ አዲሱን አታስገቡ።

ክረምት ላይ ከዋናው መንገድ ወጥቶ በእርሻ ዳር ማቋረጥ አይሞከርም። ዋልካው ፓራፋንጎና (ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ) ጎማው መሀል ገብቶ ይጠቀጠቃል፣ ቸርኬው መዞሩን ያቆማል፣ በእንጨት እየጫራችሁ ነው የምትውሉት።

ከብት ሲያቋርጥ በፊቱ ለማለፍ አትሽቀዳደሙ፣ ከኋላው እለፉ። አህያም ብትሆን ጭነት ይዛ ከደነገጠች መንገዱን ትዘጋዋለች፣ ባለቤቷ ደሞ ገበያ የሚሄድ ምስኪን ነው። ከሩቅ ደውል አሰሙ፣ ስታልፉ ሰላምታ ስጡ።

አርፍዶ መነሳት ሌላው ነው። ባህር ዳር ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ አይታወቃችሁም፣ ከ5 ሰዓት በኋላ ግን ጉድ ይሠራችኋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ጀምሩ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት ደሞ በዛ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን ስለመንገዱ ሁኔታ ጠይቁ፣ መንገዱ ሰላም አይደለም ካሏችሁ ለሌላ ቀን ይሁን።

ወሩን ሳይመርጡ የሚሄዱ ሰዎች ደሞ ያሳዝኑኛል። ከ40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው ፏፏቴ በሚያዝያ ቀጭን ሆኖ ያገኙትና «ይሄ ነው እንዴ?» ይላሉ። የበጋው ውሃ ራሱ ያንሳል፣ ካለው ላይ ደሞ ወደ መብራት ማመንጫ የሚሄድ አለ፣ የመጀመሪያው ማመንጫ በፈረንጆቹ 1964 የተሠራ ነው፣ በፈረንጆቹ 2001 ሁለተኛው ከተጨመረ ወዲህ የፏፏቴው ድርሻ በጣም ቀንሷል። መስከረምና ጥቅምት ሂዱ።

ከደረሳችሁ በኋላ ሳይክሉን እስከ ፏፏቴው ልግፋው አትበሉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ የሚያልፈው የእግር መንገድ ድንጋያማ ነው፣ ፔዳሉ ቅልጥማችሁን ይመታችኋል። መንደሩ ውስጥ ዋጋ ተነጋግራችሁ አስጠብቁት፣ ስትመለሱ ጎማውን በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጋችሁ እዩትና ተነሱ።