ጎንደር ውስጥ ለብስክሌት የሚቀል መንገድ እንዴት ይፈለጋል?

ብስክሌት መንዳት የተማርኩት ባሕር ዳር ነው። እዚያ ከተማው ሜዳ ስለሆነ ሰው የሚቆጥረው ርቀቱን ብቻ ነው። ለሥራ ወደ ጎንደር ስዛወር ብስክሌቴን አውቶቡስ ላይ አስጭኜ መጣሁ፤ የመጀመሪያውን ወር ግን ግማሹን መንገድ እየገፋሁት ነው ያሳለፍኩት። በዋናው አስፋልት ስሄድ ከኋላዬ ሚኒባስ ጥሩንባ ይነፋል፣ ከጎኔ ባጃጅ ይጠጋል፤ ሸሽቼ ወደ ውስጥ ስገባ ደግሞ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጣል። ዛሬ ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ ሳልወርድ ሳልገፋ እደርሳለሁ። መንገዱን ለማግኘት ወራት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ በሁለት ቅዳሜና እሁድ ልትጨርሱት ትችላላችሁ።

1. መጀመሪያ ወንዞቹን እወቁ

ጎንደር የተቆረቆረችው በሁለት ወንዞች መካከል ባለ ሸንተረር ላይ ነው። በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ ይወርዳሉ፤ ሁለቱም ወደ ደቡብ ሄደው መገጭን ተቀላቅለው ጣና ይገባሉ። የፋሲል ግቢ፣ ጃንተከልና ፒያሳ የሸንተረሩ ጀርባ ላይ ናቸው። ይህን ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል፤ ምክንያቱም ጎንደር ውስጥ ቀላል መንገድ ማለት ወደ ወንዝ የማይወርድ መንገድ ማለት ነው።

ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ የሸንተረሩን ጀርባ ይዞ የሚሄድ መንገድ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ ግን ሸለቆ ገብቶ መውጣት አለበት። ለምሳሌ ከፒያሳ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስትሄዱ ወደ ቀሃ ነው የምትወርዱት፤ ጉዞው ደስ ይላል፣ መመለሻው ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ አልፋችሁ ቁስቋም ልሳለም ካላችሁ ወንዙን ተሻግራችሁ እንደገና ትወጣላችሁ። ወደ አዘዞም ቢሆን ሒሳቡን ሳትረሱ ውጡ፦ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አዘዞ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ግን 2,000 ሜትር አይሞላም። ጠዋት በነጻ የወረዳችሁትን ማታ ደክሟችሁ ትወጡታላችሁ። ስለዚህ መንገድ ስትመርጡ ሁልጊዜ ከመመለሻው ጀምሩ። መሄጃው ራሱን ያውቃል።

2. ካርታውን ተጠቀሙ፣ ግን አትመኑት

ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባለውን መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ካርታውን አንድ ጊዜ ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የብስክሌት መንገድ ስትጠይቁትም የመንገዱን ከፍታና ዝቅታ በመስመር ስሎ ያሳያል። የመኪና መንገድ ብቻ ከሚያሳዩት ካርታዎች ይህ በብዙ ይሻላል። ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ መንገዶች መርጣችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩ።

ከዚህ አልፎ ካርታውን ማመን እኔን ጎድቶኛል። አብዛኞቹ ካርታዎች የሚጠቀሙበት የከፍታ መረጃ በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጠፈር በራዳር የተለካ ነው። ልኬቱ መሬቱን 30 ሜትር ገደማ በሆኑ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ የከፍታ ቁጥር ይሰጣል። ሃያ ሜትር የምትረዝም ጉብ ያለች ዳገት በዚህ ወንፊት ውስጥ ታልፋለች፤ ካርታው ላይ መስመሩ ለስላሳ ሆኖ ይታያል፣ እግራችሁ ግን እዚያች ሃያ ሜትር ላይ ይቆማል። የስልካችሁ ጂፒኤስ የሚነግራችሁ ከፍታም ከቦታው ይልቅ ብዙ የሚሳሳት ስለሆነ ቆማችሁ እያነበባችሁ ዳገት አትለኩበት።

3. ሸክም ያለበትን ሰው ጠይቁ

በእግሩ ብቻ የሚሄድ ሰው አጭሩን መንገድ ነው የሚነግራችሁ። ሸክም ያለበት ግን የሚቀለውን ያውቃል። የእጅ ጋሪ የሚገፉ ልጆች፣ አህያ ጭነው ገበያ የሚመጡ ገበሬዎችና የባጃጅ ሾፌሮች የከተማዋን ዳገት በጉልበታቸውና በነዳጃቸው ለክተውታል። የባጃጅ ሾፌር ስትጠይቁ «መንገዱ እንዴት ነው?» አትበሉ፤ «ሦስት ሰው ጭነህ አንደኛ ማርሽ የምታስገባው የት ላይ ነው?» በሉት። ያንን ቦታ ካርታችሁ ላይ ምልክት አድርጉበት።

አንድ ቀን በአንድ ቀጥ ያለ የኮብልስቶን ዳገት ብስክሌቴን እየገፋሁ ስወጣ ደጃቸው ላይ የተቀመጡ አንድ አባት ጠሩኝ።

«የኔ ልጅ፣ በዚህ አህያ እንኳ ተጭና አትወጣም። በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አትዞርም?»

«አባባ፣ እሱ አይርቅም?»

«ይርቃል። ግን ትደርሳለህ።»

ዞርኩ፤ ሳልወርድም ደረስኩ። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው፦ 40 ሜትር ከፍታ መውጣት ካለባችሁ፣ ከመቶ አሥር በሆነ ዳገት፣ ማለትም በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር በሚወጣ፣ 400 ሜትር ትነዳላችሁ፤ ከመቶ አምስት በሆነው ደግሞ 800 ሜትር። የምትወጡት ከፍታ አንድ ነው፤ በሁለተኛው ግን ጉልበታችሁ ተበታትኖ ይከፈላል፣ ልባችሁም አይፈነዳም።

4. በእግር ሂዱና ዳገቱን ለኩ

ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ ለውጥ ያመጣልኝም ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ ልዘርዝረው።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሜትር የምትረዝም ቀጥ ያለች ሞራሌ፣ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውኃ ልክና ማስመሪያ ነው። ውኃ ልክ ከሌላችሁ ሰፈራችሁ ውስጥ ቤት የሚሠራ ግንበኛ አይጠፋም፤ እኔም የተዋስኩት ከጎረቤቴ ነው። ሞራሌዋን በመንገዱ አቅጣጫ አጋድሟት፤ ውኃ ልኩን ከላይዋ አስቀምጡ። በቁልቁለቱ በኩል ያለውን ጫፍ አንሱ፤ የውኃ ልኩ አረፋ መሐል ላይ እስኪቆም ድረስ። ከዚያ በተነሣው ጫፍና በመሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት በሴንቲ ሜትር ለኩ። ሞራሌዋ አንድ ሜትር ስለሆነች ያገኛችሁት ሴንቲ ሜትር ራሱ ከመቶ ስንት መሆኑን ይነግራችኋል። ስምንት ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዳገቱ ከመቶ ስምንት ነው። ድንጋዩ ወጣ ገባ ከሆነ ሁለት ሜትር ሞራሌ ተጠቀሙና ለሁለት አካፍሉ።

ስልክ ላይ ያለውን የውኃ ልክ መተግበሪያ መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን እሱ የሚሰጠው በዲግሪ ነው። ዲግሪና ከመቶ አንድ አይደሉም፤ አምስት ዲግሪ ማለት ከመቶ ዘጠኝ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ዳገት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ «አምስት ብቻ ነው» ብዬ የመረጥኩትን መንገድ ሳምንት ሙሉ ስገፋ ከርሜበታለሁ።

በየሃያ እርምጃው ለኩና ጻፉ። አማካዩን አትፈልጉ፤ አማካይ ሰው ያታልላል። የምትፈልጉት ከሁሉ የሚከፋውን ቁጥርና እሱ ስንት ሜትር እንደሚዘልቅ ነው። በእኔ ልምድ እስከ ከመቶ አራት ድረስ እያወሩ ይነዳል። ከመቶ ስድስትና ሰባት ቀላል ማርሽ ላላት ብስክሌት ይቻላል። ከመቶ አሥር በላይ አጭር ከሆነ፣ በፊቱም ሜዳ ካለ፣ በግስጋሴ ይታለፋል። ረጅም ከሆነ ግን መንገዱን ሰርዙት። ከመቶ አሥራ ሁለት የሆነች አሥራ አምስት ሜትር አታስፈራም፤ ከመቶ ሰባት የሆነ አራት መቶ ሜትር ግን በየቀኑ ጉልበት ይጨርሳል።

ስትለኩ መሬቱንም ተመልከቱ፦ ኮብልስቶኑ የተነቀለበት፣ ቦይ የተከፈተበት፣ ደረጃ የሚጀምርበት። ካርታው ላይ መንገድ ሆኖ የሚታይ መሥመር መጨረሻው የድንጋይ ደረጃ ሲሆን ሁለት ጊዜ ገጥሞኛል።

ሰው ቆሞ ያያችኋል፤ መንገድ ሊሠራ የመጣ መሐንዲስ መስያቸው የጠየቁኝ አሉ። እውነቱን ንገሯቸው። ከዚያ በኋላ የሰፈሩን መንገድ ሁሉ ይነግሯችኋል።

5. ቁልቁለቱንም ለኩ

ዳገቱ ላይ ብቻ አተኩሬ ቁልቁለቱን መናቄ እጄን አስከፍሎኛል። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ገና ቆም ማለቱ ነው። ወደ ቀሃ በሚወርድ የኮብልስቶን መንገድ መታጠፊያ ላይ የፊት ፍሬን ያዝኩ። ብዙ ጎማ የረገጠው ኮብልስቶን ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው፤ የፊት ጎማዬ ከሥሬ ሸሸና በእጄ ላይ ወደቅሁ። አንጓዬ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጄሶ ቆየሁ።

የጎማውን ቸርኬ በላስቲክ የሚይዝ ፍሬን ሲረጥብ ወዲያው አይዝም፤ መጀመሪያ ውኃውን መጥረግ አለበት፣ እስከዚያ ብስክሌቱ ይሮጣል። ስለዚህ ክረምት ላይ ከላይ ጀምራችሁ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ እያላችሁ ነካ ነካ አድርጉ፤ ፍጥነታችሁን ከመታጠፊያው በፊት ጨርሱ፤ መታጠፊያው ውስጥ የፊት ፍሬን አትንኩ። ከመቶ ስምንት በላይ የሆነ የኮብልስቶን ቁልቁለት ካለ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም መጠባበቂያ የአስፋልት መንገድ ያዙ። ሁለት መንገድ፣ አንድ ለበጋ አንድ ለክረምት፤ እኔ የምኖረው እንዲህ ነው።

6. ሰዓቱን ምረጡ

ጠዋት ከ1፡30 እስከ 2፡30 ተማሪውም ሠራተኛውም በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ ይመለሳል። ሃያ ደቂቃ ቀድሞ መውጣት ከየትኛውም አቋራጭ ይበልጣል። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ወደ ገበያው የሚያስገቡትን መንገዶች ተዉአቸው፤ አህያው፣ ጋሪውና ሰዉ መንገዱን ሞልቶት ይውላል፣ የእነርሱም ቀን ነው። ከጥር 10 እስከ 12 ከፒያሳ እስከ ፋሲለደስ መዋኛ ያለው ጎዳና የታቦትና የምዕመናን ስለሆነ ብስክሌታችሁን ቤት ትታችሁ በእግራችሁ ውጡ።

7. አስፋልቱ የማይቀርበት ቦታ

የቱንም ያህል ብትፈልጉ ወደ ማራኪ ሰፈርና ወደ አዘዞ ስትሄዱ ዋናውን መንገድ የምትይዙበት ቦታ አይጠፋም። እዚያ ዳሩ ላይ አትለጠፉ። ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ቀጥ ብላችሁ ንዱ። ጠርዙ ላይ የምትለጠፉ ከሆነ ባጃጅ በእናንተና በሌላ መኪና መካከል ሊያልፍ ይሞክራል፤ ተሳፋሪ ሊያወርድ ድንገት ሲቆምም መሸሻ አይኖራችሁም። የቆመ ታክሲ ስታልፉ በሩ እንደሚከፈት ቁጠሩ። አደባባይ ላይ ካልተማመናችሁ ወርዳችሁ በእግረኛ መሻገሪያ ግፉ፤ አንድ ደቂቃ ነው።

8. ስለ ብስክሌቱ ትንሽ

ማርሽ የሌለው ብስክሌት ለጎንደር አይሆንም፤ ርካሽ ነው ተብላችሁ አትግዙ። ያላችሁ ማርሽ ያለው ከሆነ ከኋላ ትልቁን ጥርሳም ክብ ተመልከቱ፤ 32 ወይም 34 ጥርስ ያለው ሲሆን ዳገቱ በግልጽ ይቀላል። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ ለዚህ፣ ቀጥሎ ለፍሬን ላስቲክ አውጡ። ጭነት ጀርባችሁ ላይ ከምትሸከሙ የኋላ መጫኛ አስበይዱ። ቀሪው፣ ካቴና መቀባትና ጎማ መንፋት፣ የምታውቁት ነው።

9. እሁድ ጠዋት ሞክሩት

የመረጣችሁትን መንገድ መጀመሪያ እሁድ ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ሲል ንዱት፤ ከዚያ በሥራ ቀን በሥራ ሰዓት አንድ ጊዜ ድገሙት። በማለዳ ስትወጡ የሰፈር ውሾች የሚያባርሩበትን ቦታም ያን ቀን ታውቁታላችሁ፤ ውርድ ብላችሁ ብስክሌቱን በመካከላችሁ አድርጋችሁ ስትራመዱ አብዛኞቹ ይተዋሉ።

የለካችሁበትን ወረቀት አትጣሉት። ክረምቱ በየዓመቱ አፈሩን ይጠርጋል፣ ኮብልስቶኑን ይነቅላል፤ የውኃ ቱቦ ለመቅበር የተቆፈረ መንገድም እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል። እኔ መስከረም አጋማሽ ላይ ሞራሌዬንና ውኃ ልኬን ይዤ መንገዴን እንደገና በእግሬ እሄድበታለሁ። ዘንድሮ ሁለት ቦታ ቀይሬያለሁ፤ አንደኛውን የነገሩኝ እነዚያው ጋሪ የሚገፉ ልጆች ናቸው።