ትልቅ ጨዋታ ሲኖር ትኬት የሌለውንም ደጋፊ ያለ ግፊያ እንዴት ማስተናገድ ይቻላል

ስታዲየም በር ላይ ግፊያ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚሞተው ተረግጦ ሳይሆን ቆሞ ነው። ከፊትና ከኋላ ሲጨመቅ ደረቱ አየር ለመሳብ መስፋት ያቅተዋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ይስታል፤ መውደቂያ ቦታ እንኳ ስለሌለ አጠገቡ ያለው ሰው አያውቅለትም። ከኋላ የሚገፋው ደግሞ ፊት ምን እየሆነ እንደሆነ ስለማያይ መግፋቱን አያቆምም። ይህ ጽሑፍ ጎንደር፣ አጼ ፋሲለደስ ስታዲየም ትልቅ ጨዋታ ሲኖር በር ላይ ለሚቆሙ አስተናባሪዎች፣ ለደጋፊ ማኅበር አባላት፣ ለክለብ ሰዎችና ለራሱ ለደጋፊው የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላይ መስማማት ያስፈልጋል፦ ትኬት የሌለው ሰው ይመጣል። ፋሲል ከነማ ትልቅ ጨዋታ ካለው ከማራኪም ከአዘዞም ይመጣል። «ትኬት ያልያዘ አይምጣ» ብሎ መለጠፍ ብቻውን እቅድ አይሆንም። አደጋ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚወቀሰውም ይኸው ትኬት የሌለው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1989 እንግሊዝ፣ ሼፊልድ ከተማ፣ ሂልስብሮ ስታዲየም በደረሰው ግፊያ 97 ሰው ሞቷል፤ ለዓመታት ጥፋቱ ትኬት አልባና ሰካራም ደጋፊ ላይ ሲለጠፍ ኖረ። የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረው ችሎት ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ደጋፊው ጥፋት እንደሌለበት ወሰነ። ከ10,000 በላይ ለሚሆን ቆሞ ተመልካች የተመደቡት መግቢያዎች 7 ብቻ ነበሩ። ውጭ ሲጨናነቅ ፖሊስ ትልቁን የመውጫ በር አስከፈተና ወደ 2,000 ሰው ገባ። በአጥር ወደተከለለው መሃለኛው የመቆሚያ ቦታ የሚወስደውን መተላለፊያ የዘጋ ግን አልነበረም፤ ግራና ቀኝ ቦታ እያለ ሰዉ ሁሉ ቀድሞ ወደ ሞላው መሃል ነጎደ። በር መክፈቱ የውጩን ጭንቅ አቅልሏል። ሰው ያለቀው ከበሩ በኋላ መንገድ የሚያሳይ በመጥፋቱ ነው።

1. በሩ በሰዓት ስንት ሰው እንደሚያሳልፍ ለኩ

ይህን ሥራ ከትልቁ ጨዋታ በፊት ባለ ትንሽ ጨዋታ ሥሩት። አንድ ሰው የስልኩን ሰዓት ይዞ አንድ መግቢያ መስመር አጠገብ ይቁምና በ5 ደቂቃ ስንት ሰው እንዳለፈ ይቁጠር፤ ቁጥሩን በ12 አባዙት። በእንግሊዝ ስታዲየሞች መመሪያ መሠረት፣ እየዞረ አንድ አንድ ሰው የሚያሳልፍ የብረት በር ቢበዛ በሰዓት በ660 ሰው ይታሰባል። ትኬት በእጅ እየተቀደደ፣ ኪስ እየተፈተሸ ከሆነ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል።

ለምሳሌ በ5 ደቂቃ 30 ሰው አለፈ እንበል። ይህ በሰዓት 360 ነው፤ 10 መስመር ካላችሁ 3,600 ይሆናል። 12,000 ትኬት ተሽጦ ጨዋታው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቢጀምርና በሩ 7 ሰዓት ላይ ቢከፈት፣ ፊሽካው ሲነፋ 4,800 ባለትኬት ውጭ ቆሞ ይቀራል። እነዚህ ሰዎች ገንዘባቸውን ከፍለዋል፤ ከውስጥ ጭብጨባ ይሰማሉ፤ መግፋት ይጀምራሉ። አንድም ትኬት አልባ ሰው ሳይመጣ አደጋው ተደግሷል ማለት ነው። መፍትሔው በሩን 5 ሰዓት ተኩል ላይ መክፈት ወይም መስመር መጨመር ነው። ሰው ቀድሞ እንዲመጣ ምክንያት ስጡት፤ የታዳጊ ቡድን ጨዋታ ከዋናው በፊት ማዘጋጀት ብዙ ሰው ቀድሞ ይጠራል።

ፍተሻውን የሚያዘገዩትንም ነገሮች ቀድማችሁ አስቡ። ጋቢ የለበሰን ሰው መፈተሽ ጃኬት ከለበሰው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ጋቢውን ገልጦ፣ ተፈትሾ፣ መልሶ እስኪከናነብ ከኋላው ያለው ሰልፍ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ፍተሻው ትኬት ከሚቀደድበት ቦታ ቢያንስ 20 ሜትር ቀደም ይበል። ሴቶችን የሚፈትሹ ሴቶች በቂ ሆነው ይመደቡ፤ አለበለዚያ የሴቶቹ ሰልፍ ወደ ወንዶቹ ይፈስና ሁለቱም ይቆማሉ። ዱላ ይዘው ለሚመጡ አባቶች ማስቀመጫ ያስፈልጋል። «ጋሼ፣ ዱላዎን እዚህ ይተዉልን፣ ቁጥር እንሰጥዎታለን» ብሎ ካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር መስጠት በቂ ነው። ማስቀመጫው ከበሩ ራቅ ይበል፤ በሩ ሥር ከሆነ ሲወጡ ዱላቸውን የሚፈልጉ ሰዎች ከሚወጣው ሕዝብ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫሉ።

2. ትኬቱን ከበሩ ርቃችሁ ማየት ጀምሩ

ብዙ ቦታ የሚደረገው ስህተት ትኬት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠየቀው በሩ ላይ መሆኑ ነው። ያኔ ትኬት የሌለው ሰው ከፊቱ የተዘጋ በር፣ ከኋላው 500 ሰው አለ፤ ልመለስ ቢል እንኳ አይችልም። ስለዚህ ቁጥጥሩ ሦስት ቀለበት ይኑረው። የመጀመሪያው መኪናና ባጃጅ የሚቆምበት፣ ከስታዲየሙ ቢያንስ 300 ሜትር የራቀው መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ አስተናባሪው ትኬቱን በዓይን ብቻ ያያል። ሁለተኛው ላይ ፍተሻ ይደረጋል። ሦስተኛው በሩ ሲሆን ትኬቱ የሚቀደደው እዚያ ነው።

በየቀለበቱ መመለሻ መንገድ ተዉ። ሁለት አስተናባሪ የሚጠብቀው፣ በገመድ የተከለለ፣ 1 ሜትር ተኩል የሚሰፋ መውጫ ከመጪው ሰልፍ ጎን ይኑር። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን መመለሻ ውሰዱ። ለገመድና ለሁለት ሰው የሚወጣው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከሌለ ግን የተከለከለ ሰው ሁሉ በሩ ሥር ይጠራቀማል።

በጨዋታው ቀን በር ላይ ትኬት አትሽጡ። ሽያጩ ፒያሳና ሌሎች ሰፈሮች ላይ ቀደም ብሎ ይለቅ፤ በቴሌብር ከሆነም ይበልጥ ይቀላል። ትኬቱ ሲያልቅ በዚያው ቀን በከተማው ኤፍ ኤም፣ በደጋፊ ማኅበሩ የቴሌግራም ገጽና ባጃጅ ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ «አልቋል» ይባል። ትልቅ ስክሪን የሚተከል ከሆነ መስቀል አደባባይ ወይም ሌላ ከስታዲየሙ የራቀ ሜዳ ላይ ይሁን። ስታዲየሙ ደጃፍ የሚተከል ስክሪን ትኬት የሌለውን ሰው ራሱ እየጠራ በሩ ላይ ያከማቻል።

3. ትኬት የሌለው ሁሉ አንድ ዓይነት ሰው አይደለም

አንዱ ትኬት ማለቁን ያልሰማ ነው። ለእሱ «አልቋል ወንድሜ፣ በዚህ በኩል ውጣ፣ ስክሪኑ እዚያ ነው» ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሌላው ከአየር ባየር ነጋዴ ፎርጅድ ትኬት የገዛ ነው፤ ይህ ሰው ባለትኬት ነኝ ብሎ ከልቡ ያምናል፤ ተከራክሮም አይደክመውም። በሩ ላይ አትከራከሩት። «ትኬትህ ላይ ችግር አለ፣ ከዚህ ሰው ጋር ሂድ፣ እናየዋለን» ብላችሁ ከበሩ 30 ሜትር ወደራቀ ጠረጴዛ ላኩት። አንድ ፎርጅድ ትኬት አንድ መስመር ላይ 3 ደቂቃ ከያዘ፣ በላይኛው ስሌት 18 ሰው አዘግይቷል።

«አስገባኝ» እያሉ የትልቅ ሰው እጅ የሚይዙ ሕፃናትም ይመጣሉ። ግፊያ ሲነሳ ቁመታቸው ትልቅ ሰው ደረት ላይ ስለሚቀር መጀመሪያ አየር የሚያጡት እነሱ ናቸው። ስለ ሕፃናት የተወሰነ ደንብ ቀድሞ ይነገር፤ የብቻ መግቢያ ይኑራቸው፤ በሩ ላይ ድርድር አይኑር።

የቀረው አጋጣሚ የሚጠብቅ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2021 ዌምብሌይ ላይ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ወደ 2,000 የሚጠጋ ትኬት አልባ ሰው ገብቷል፤ ከተጠቀሙባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጀው መግቢያ ነበር። አካል ጉዳተኛ እንዲያልፍ በሩ ሲከፈት ተከትለው ይሮጡ ነበር። እንዲህ ያለ በር ሁለት መዝጊያ ያስፈልገዋል፤ የውስጠኛው የሚከፈተው የውጨኛው ከተዘጋ በኋላ ይሁን።

አጥር፣ ጣሪያና ዛፍ ላይ የሚወጣውን ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሰው አስወርዱ። ሃያ ከሆኑ በኋላ ማስወረዱ ራሱ አደጋ ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ጎንደር ላይ የእንጨት መቀመጫ ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው መሞቱን ከተማው አይረሳውም። መሐንዲስ ያላየው ጊዜያዊ ርብራብ ላይ ማንም አይቀመጥ።

4. ጭንቅንቁን በኖራ ለኩ

ሜዳ በሚሰመርበት ኖራ በሩ ፊት ለፊት 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆኑ ሦስት አራት ሳጥኖች አስምሩ። ከፍ ያለ ቦታ የቆመ ሰው በየ5 ደቂቃው አንዱ ሳጥን ውስጥ ስንት ጭንቅላት እንዳለ ይቁጠር። እስከ 8 ከሆነ ሰው ይንቀሳቀሳል። 16 ሲደርስ ከኋላ የሚመጣው ይቁም። 20 ካለፈ አደጋው ደርሷል፤ ከዚህ በላይ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ውኃ ይናጣል፤ አንድ ሰው የፈለገውን ያህል ጠንካራ ቢሆን የራሱን እግር አያዝም። መስመሩ በሰዉ እግር ሲሸፈን በዓይን ለመገመት እንዲረዳችሁ በአራቱ ማዕዘን አጠገብ ያለ ግንብ ወይም ምሰሶ ላይ ምልክት አድርጉ።

ምልክቶቹን ከሩቅም ማየት ይቻላል። ሰው እጁን ወደ ፊቱ ማንሳት ካቃተው፣ ሕዝቡ ሳይራመድ ወደ ጎን ከተወዛወዘ፣ ሰዎች ወደ ላይ አንጋጠው መተንፈስ ከጀመሩ ወይም አጥር መውጣት ከጀመሩ አትጠብቁ።

5. ሲጨናነቅ ከኋላ አስቁሙ

በደመ ነፍስ የሚመጣው ሐሳብ በሩን መዝጋት ነው። ፊት ለፊት ያለው በር ተዘግቶ ከኋላ ሰው መምጣቱን ከቀጠለ፣ በመሃል ያለው ሰው ከብረቱና ከሕዝቡ መካከል ይቀረቀራል። ትእዛዙ መጀመሪያ ወደ ውጨኛው ቀለበት ይሂድ፦ «አቁሙ»። ከዚያ የኋለኛው ረድፍ ወደ ኋላ አምስት እርምጃ እንዲል በድምፅ ማጉያ ይነገረው። የፊተኛውን ወደ ኋላ መግፋት አይሠራም፤ መላላት ያለበት ከጭራው ነው።

ብዙ ባለትኬት ውጭ ካለ የጨዋታውን መጀመሪያ 15 ወይም 30 ደቂቃ አዘግዩ፤ ወዲያውም አሳውቁ። «ጨዋታው አልጀመረም፣ ሳትገቡ አይጀምርም» የሚለው ቃል ግፊያን ከዱላ በተሻለ ያበርዳል። ውሳኔውን ማን እንደሚሰጥ ከጨዋታው በፊት ባለው ስብሰባ ይወሰን። የሞባይል ኔትወርክ ብዙ ሰው ሲሰበሰብ ስለሚጨናነቅ መገናኛ ሬዲዮ ይኑር፤ ከሌለ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ የያዙ ሰዎች እርስ በርስ በሚተያዩበት ርቀት ይቁሙ።

አስለቃሽ ጭስ በዚያው ስብሰባ ላይ ከፖሊስ ጋር ተነጋግሮ መዘጋት ያለበት ጉዳይ ነው። የፊፋ የስታዲየም ደኅንነት ደንብ በሜዳው ውስጥ መጠቀምን ይከለክላል። አክራ ላይ እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 2001 ከ120 በላይ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ማላንግ ላይ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2022 ደግሞ 135 ሰው ያለቀው ጭሱ ከተተኮሰ በኋላ ሕዝቡ ወደ ተዘጉና ጠባብ በሮች ሲሸሽ ነው።

6. መውጫው ከመግቢያው በላይ ያስፈልጋል

ጨዋታው እየተካሄደ የመውጫ በር በቁልፍ አይዘጋ። ከተዘጋም ቁልፉን የያዘው ሰው ከበሩ ሥር አይንቀሳቀስ፤ ሽንት ቤት ሲሄድ ለተተኪ ያስረክብ። ስፋቱንም አስሉ። ሜዳማ መንገድ ላይ በ1 ሜትር ስፋት በደቂቃ 82 ሰው፣ ደረጃ ላይ 66 ሰው ይወጣል ተብሎ ይሰላል። 12,000 ሰው በ8 ደቂቃ እንዲወጣ 18 ሜትር ከግማሽ የሚሆን ጠቅላላ የበር ስፋት ያስፈልጋል። በሮቹ ፊት የቆመ ባጃጅ፣ የቆሎና የማስቲካ ሻጭ ሁሉ ይህን ስፋት ይቀንሳል። ጨዋታው ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው ውጭ ያለው ቦታ ይጠረግ። «አልቋልና ግቡ» ተብሎ በዚያ ሰዓት ለትኬት አልባው በር አይከፈት፤ የሚገባውና የሚወጣው አንድ በር ላይ ይገናኛሉ።

ደጋፊው ራሱ ግፊያ ውስጥ ከገባ

ሁለት ክንድህን ደረትህ ፊት አጥፈህ ያዝ፤ ለሳንባህ ቦታ የምታተርፈው በዚህ ነው። አትጩህ፤ አየርህን ቆጥብ። ሕዝቡ ሲገፋ አትታገለው፤ ላላ ሲል በሰያፍ ወደ ጎን ተራመድ። ከግንብ፣ ከብረትና ከምሰሶ ራቅ። ስልክ ወይም ጫማ ቢወድቅ አታጎንብስ። ከወደቅህ በጎንህ ተኝተህ ጉልበትህን ወደ ደረትህ ሰብስብ፤ ጭንቅላትህን በክንድህ ሸፍን። ልጅ ካለህ ትከሻህ ላይ አውጣው።

የተጨመቀ ሰው ሲወጣ

ወደ ክፍት ቦታ ውሰዱት። የማይነቃና የማይተነፍስ ከሆነ ወዲያው ደረቱን መሃል ላይ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ግፉ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን። ከ30 ግፊት በኋላ 2 ጊዜ በአፍ ትንፋሽ ስጡ፤ ይህ ሰው የተጎዳው አየር አጥቶ ስለሆነ ትንፋሹ አይዘለል። ውኃ አፉ ውስጥ አታፍስሱ። እየተነፈሰ ራሱን የሳተ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ራሱን አውቆ የተነሳም ቢሆን ደረቱን ካመመው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሂድ። አምቡላንሱ ከጠዋት ጀምሮ አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ ይቁም፤ የሚሄድበትን መንገድ ከባጃጅ የሚጠብቅ አንድ የትራፊክ ፖሊስም ይመደብለት።