የበሰለ የስኮትላንድ ውስኪ ሲገዙና ሲቀምሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ስህተት ውስኪን «እያደር ይበስላል» ብሎ ለዓመታት ቡፌ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ውስኪ የሚበስለው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። ከመዳብ ማንጠሪያው ሲወጣ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ የቫኒላ ቃናውንና አብዛኛውን መዓዛውን የሚሰጠው የኦክ እንጨት ሲሆን፣ በእንጨቱ ቀዳዳዎችም በየዓመቱ 2 በመቶ ያህሉ ይተናል። ጠርሙስ ውስጥ ይህ ሁሉ ይቆማል። በ12 ዓመቱ የታሸገ ውስኪ 20 ዓመት ቢቀመጥም ያው የ12 ዓመት ውስኪ ነው። ከውጭ አገር በዘመድ ሻንጣ መጥቶ ለልጅ ሠርግ የተቀመጠ ጠርሙስ አይቻለሁ፤ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት ከርሞ ቀለሙ ገርጥቷል፣ ፈሳሹም ከአንገቱ ወደ ትከሻው ወርዷል። እባካችሁ፣ ከወዳጅ ጋር ክፈቱት! ግማሹ ከተጠጣ በኋላማ አየር ስለሚገባበት መዓዛው ይብሱን ይደክማል።

እንደ ወይን አጋድሞ ማስቀመጥም አይገባም፤ ጠንካራው አልኮል ቡሹን ይበላዋል።

ሁለተኛው ትልቅ ስህተት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የዕድሜ ቁጥር እንደ ጥራት ማረጋገጫ መቁጠር ነው። የስኮትላንድ ውስኪ ሕግ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መቆየትን ያዛል፤ ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ዕድሜም ከተደባለቁት ሁሉ የወጣቱ ነው። በስኮትላንዷ አይላ ደሴት ብቅሉን ከረግረግ ተቆፍሮ በደረቀ አፈር፣ ማለትም በፒት ጭስ የሚያደርቁ ውስኪ ጠማቂዎች ብዙዎች ናቸው። ያ ጭስ ዕድሜ በገፋ ቁጥር እየለዘበ ስለሚሄድ፣ ጭሱን የሚወድ ሰው ውድ የሆነውን የ25 ዓመት ከሚገዛ የአይላ ውስኪ የሆኑትን የላፍሮይግን ወይም የአርድቤግን የ10 ዓመት ቢይዝ ይሻለዋል። በአንጻሩ የስኮትላንድ ውስኪ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል ማለት ስህተት ነው፤ ስፔይሳይድ በተባለው የስኮትላንድ አካባቢ የሚሠሩ ውስኪዎች አብዛኞቹ የፍራፍሬና የማር ቃና ያላቸው ናቸው፣ ሼሪ የተባለው የስፔን ወይን በነበረበት በርሜል የቆዩት ደግሞ ዘቢብ ዘቢብ ይላሉ።

በቀለሙ ጥቁረት አትፍረዱ፤ ሕጉ ካራሜል ቀለም መጨመርን ይፈቅዳል።

ሲቀምሱ በረዶ መሙላት መዓዛውን ያፍናል፤ ጥቂት የውሃ ጠብታ ግን ያወጣዋል። ውሃ ሲነካው ደፈረሰ ብለው «ተጭበረበርኩ» የሚሉ ገዢዎች አሉ። ድፍርስነቱ የሚመጣው ሳይቀዘቅዝ በተጣራ፣ ብዙውን ጊዜ 46 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ባለው ውስኪ ውስጥ ካሉ የቅባት አሲዶች ነው፤ ምላስ ላይ ወፈር ብሎ የሚሰማውም በእነርሱ ምክንያት ነው።