ቤቱ ለምን ተጋደመ? ፎቶ ስናሳንስ የምንሠራቸው ስህተቶች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ኮንዶሚኒየም የሞላበት ሰፈር ነው፤ የሚከራይ ቤት ሞልቷል፣ ደላላም እንደዚያው። ደላሎች የቤት ፎቶ የሚጭኑበት ድረ ገጽ ከሠራሁ ወዲህ ያላየሁት ጉድ የለም። ጀማሪዎች "እስቲ ኮዴን እይልኝ" ሲሉኝም ያንኑ ጉድ መልሼ አገኘዋለሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ፎቶውን 200 ፒክስል አድርጎ "አሳነስኩት" የሚለው ነው። አላሳነስከውም ወንድሜ! ስልክ ያነሳው 4 ሜጋባይት ፎቶ እንዳለ ይወርዳል፣ ከወረደ በኋላ ነው ትንሽ ሆኖ የሚታየው። አንድ ገጽ ላይ 20 ቤት ከደረደርክ 80 ሜጋባይት ነው። ቤት ፈላጊው ደግሞ የዕለት ጥቅል ገዝቶ የሚፈልግ ሰው ነው፤ ገና ሁለተኛውን ገጽ ሳይከፍት ጥቅሉን ጨረስክበት። አንተ ቢሮ ዋይፋይ ላይ ተቀምጠህ "እኔ ጋ እኮ ቶሎ ይከፍታል" ትለኛለህ። እስቲ ማታ 12 ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህ ክፈተው። ፎቶውን ሰርቨሩ (ድረ ገጹ ያለበት ኮምፒውተር) ላይ አሳንስ፦ ለዝርዝሩ 400 ፒክስል፣ ለትልቁ 1200 ይበቃል።

ቀጣዩን እኔም ሠርቼዋለሁ። አንድ ደላላ ደውሎ "ቤቱን ለምን አስተኛኸው? እኔ ስልክ ላይ ቆሟል" አለኝ። ብዙ ስልክ ፎቶውን ራሱን አያዞረውም፤ ኤግዚፍ (ከፎቶው ጋር አብሮ የሚቀመጥ መረጃ) ውስጥ "አዙረህ አሳይ" የሚል ምልክት ጽፎ ይተወዋል። ማሳነሻው ያንን ምልክት ሲጥለው ቤቱ ይጋደማል። መጀመሪያ አዙሩ፣ ከዚያ አሳንሱ። ፓይተን ላይ ፒሎው የሚባለው የፎቶ ላይብረሪ "ኤግዚፍ ትራንስፖዝ" የሚባል ነገር አለው፣ በአንድ መስመር ያልቃል። ካዞራችሁ በኋላ ግን ኤግዚፉን ጣሉት። ፎቶው የተነሳበት ቦታ በጂፒኤስ ተጽፎበት ሊሆን ይችላል፤ የሰው ቤት አድራሻ አደባባይ አታውጡ።

የፋይሉ ማነስም አያታላችሁ። 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ ሲፈታ (ሰርቨሩ ሊሠራበት ሲከፍተው)፣ በፒክስል 4 ባይት፣ 48 ሜጋባይት ሚሞሪ ይበላል። ሰርቨር ሊጥል የፈለገ አጥቂ የሚልከው 30,000 በ30,000 የሆነ ባዶ ፒኤንጂ (የፎቶ ፋይል ዓይነት) ደግሞ ከጥቂት ሜጋባይት ባልበለጠ ፋይል ተጠቅልሎ ይመጣና ሲፈታ 3.6 ጊጋባይት ይሆናል። ስለዚህ ሳትፈቱት ወርድና ቁመቱን አንብቡ፣ ከልክ ካለፈ መልሱት። የእኔዋን 1 ጊጋባይት ሰርቨር እሁድ ማታ የጣላት ግን አጥቂ አልነበረም፤ 30 ፎቶ ባንዴ የጫነ ትጉህ ደላላ ነው። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ወረፋ ይዞ አንድ በአንድ ከጀርባ ይሠራል።

ትንሽ ፎቶ አትለጥጡ። ወርድና ቁመቱን ለየብቻ አትወስኑ፣ ሳሎኑ ኮሪደር ይመስላል። "ጄፔግ" የሚል የፋይል ስም አትመኑ፣ ውስጡን እዩ።

ዋናውን ፎቶ ደግሞ አትሰርዙ። እኔ ቦታ ልቆጥብ ብዬ ትንንሾቹን ብቻ አስቀረሁ። ዲዛይኑ ተቀይሮ ትልቅ ፎቶ ሲያስፈልግ ደላሎቹን አንድ በአንድ እየደወልኩ ለመንኩ። አንዱማ "ስልኬ ተሰርቋል፤ አንተ ጋ ካለ እባክህ ላክልኝ" አለኝ።