ከፋሲካ በኋላ የተመለሰ ክብደት፦ የተቋረጠውን ጥረት እንዴት እንደገና መያዝ ይቻላል?

ሁዳዴን 55 ቀን ጾመው፣ ማለዳ እየተራመዱ፣ ቀበቷቸውን አንድ ቀዳዳ ያጠበቁ ሰዎች በየዓመቱ አሉ። ከዚያ ፋሲካ ይገባል። ዶሮ ወጡ፣ በጉ፣ ድፎ ዳቦው፣ ጠላው ይቀርባል፤ በማግስቱ የዘመድ ጥሪ፣ በሳምንቱ ዳግማይ ትንሣኤ፣ ቀጥሎ የሠርግ ሰሞን። ግንቦት ሲጋመስ ሚዛን ላይ ሲወጡ የወረደው ክብደት ተመልሷል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ «ለእኔ አልሆነም» ብለው እስከሚቀጥለው ጾም ይተዉታል። ረመዳንን ጾሞ ከዒድ በኋላ ክብደቱ የተመለሰበትም፣ በሕመም ወይም በሐዘን ምክንያት ያቋረጠም ሰው የሚገጥመው ከዚህ ብዙም አይለይም።

ጥፋቱን በበዓሉ ላይ መጣል ቀላል ነው። እኔ ግን በዓሉን አልወቅስም። አንድ ወይም ሁለት ቀን ጠግቦ መብላት የወራት ልፋትን አያፈርስም፤ የሚያፈርሰው ከበዓሉ በኋላ «አንዴ ተበላሽቷል» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ከታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ አንድ ዓላማ አላቸው፦ በማቋረጥና በመመለስ መካከል ያለውን ጊዜ ማሳጠር።

1. ሚዛኑ ያሳየውን በትክክል ያንብቡ

በበዓል ማግስት ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ጨምሮ ቢያሳይ አይደንግጡ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ይይዛል። በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነት ከሚያቃጥለው በላይ ከ15,000 ኪሎ ካሎሪ የሚበልጥ መብላት ያስፈልጋል፤ ይህ ለአብዛኛው ሰው የአንድ ሳምንት ምግብ ነው። የጨመረው በአብዛኛው ውኃና ገና ከሆድ ያልወጣ ምግብ ነው። ከእንጀራና ከዳቦ የምናገኘውን ስታርች ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን አድርጎ ሲያከማቸው፣ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። የወጡ ጨውም የበኩሉን ውኃ ያስቀራል። ሴቶች የወር አበባ ሲቃረብ ያለ ምንም የምግብ ለውጥ ክብደታቸው ከፍ ሊል እንደሚችልም ማስታወስ ይገባል።

ስለዚህ አራት ወይም አምስት ቀን እንደ ወትሮው ይብሉና ከዚያ በኋላ ይመዘኑ። ጠዋት፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ ከቁርስ በፊት፣ በቀላል ልብስ። ቤትዎ ሚዛን ከሌለና የእግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች ዘንድ የሚመዘኑ ከሆነ፣ ሁልጊዜ በአንዱ ሚዛን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። ሚዛን ከሚዛን ይለያያል፤ ወጣ ገባ በሆነ ድንጋይ ላይ የተቀመጠም በትክክል አይመዝንም።

አምስት ቀን ቆይቶም ያልወረደው ክፍል ካለ፣ እሱ በእርግጥ የጨመሩት ነው። ብዙ ጊዜ ከፈሩት ያነሰ ሆኖ ያገኙታል።

2. ሰኞን አይጠብቁ

ቅዳሜ ምሳ ላይ ከልክ ያለፈ ሰው «ከሰኞ ጀምሮ እመለሳለሁ» ይላል። ከቅዳሜ ምሳ እስከ ሰኞ ቁርስ ባለው ጊዜ የሚበላው ግን ምሳው ላይ ከበላው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ አንድ ጥናት ይህን ጠባይ በደንብ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ አይስክሬም እንዲቀምሱና የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተደረገ። ምግባቸውን የማይቆጣጠሩት ሰዎች ቀደም ብሎ ጣፋጭ የወተት መጠጥ ከተሰጣቸው ከዚያ በኋላ አይስክሬሙን ቀንሰው በሉ፤ ክብደት ለመቀነስ ራሳቸውን የሚቆጣጠሩት ግን መጠጡን ከጠጡ በኋላ ካልጠጡት ይልቅ ብዙ በሉ። ሕጉ አንዴ ከተጣሰ የቀረውን መጠበቅ ከንቱ መስሎ ታያቸው።

መድኃኒቱ ቀጣዩን ማዕድ ብቻ ማስተካከል ነው። ሳምንቱን ወይም ወሩን አያቅዱ። ምሳ ከበዛ እራቱ እንደ ማንኛውም ቀን እራት ይሁን፦ ግማሽ እንጀራ፣ ጎመን፣ ምስር ወይም ሽሮ፣ ሰላጣ።

«እንደ ማንኛውም ቀን» ያልኩት አውቄ ነው። ለቅጣት ብሎ እራት መዝለል፣ ሁለት ቀን በሎሚ ውኃ ማሳለፍ ከባድ ጉዳት አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945፣ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ይዞ ለ24 ሳምንታት ምግባቸውን በግማሽ ያህል ቀነሰ። ሰዎቹ ቀን ከሌሊት ስለ ምግብ ማሰብና ማውራት ጀመሩ። ክልከላው ሲነሣ አንዳንዶቹ እጅግ ብዙ ከበሉ በኋላም ጥጋብ አልሰማ አላቸው። ራሱን በረሃብ የሚቀጣ ሰው ለቀጣዩ መቋረጥ እየተዘጋጀ ነው።

3. የተቋረጠበትን ቦታ ነጥለው ያግኙ

«ብዙ በላሁ» ማለት ምንም አያስተምርም። መቼ፣ ከማን ጋር፣ ምን? የአንድ ሳምንት ምግብዎን በወረቀት ወይም በስልክ ይጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል።

አንደኛው ዘይትና ቅቤ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። የጾም ምግብ ሁሉ የሚያከሳ የሚመስላቸው ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ፣ ሳምቡሳና ፓስቲ ከጾም ውጭ ካለ ቀይ ሥጋ የማይተናነስ ኃይል ሊሰጡ ይችላሉ። ቤት ውስጥ ወጥ ሲሠራ ዘይቱን ከጠርሙሱ በቀጥታ ከማፍሰስ ይልቅ በማንኪያ መለካት ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ሁለተኛው መጠጥ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል፤ የአልኮል እያንዳንዱ ግራም 7 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ ጠጅ ደግሞ የማሩን ስኳር ጨምሮ ይመጣል። ፈሳሽ ስለሆነ ሆድን አያጠግብም፤ ከምግቡ ላይ የሚደረብ ነው።

ሦስተኛው ትሪው ነው። አብሮ መብላት ከባህላችን ሁሉ የምወደው ነገር ነው፤ ይቅር አልልም። ነገር ግን ከጋራ ትሪ የሚበላ ሰው ስንት እንጀራ እንደበላ አያውቅም። በሳምንቱ ቀናት ለብቻ ሳህን ላይ አውጥተው ይብሉ፤ ትሪውን ለእሑድና ለበዓል ያቆዩት።

4. ረሃቡ የፈቃድ ድክመት አለመሆኑን ይወቁ

ክብደት የቀነሰ ሰው ከቀድሞው ይበልጥ ይርበዋል። ይህ በሆርሞን የሚመጣ ነው። ስብ ሲቀንስ ጥጋብን ለአንጎል የሚያሳውቀው ሌፕቲን ይወርዳል፤ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ለ10 ሳምንታት በጣም ጥቂት በመመገብ ክብደት የቀነሱ ሰዎችን ተከታትሎ ከአንድ ዓመት በኋላም ሆርሞኖቻቸው ወደ ነበሩበት እንዳልተመለሱ አሳይቷል። ይህን የሚያውቅ ሰው ራሱን ሆዳም እያለ አይሰድብም፤ ለረሃቡ ይዘጋጃል።

መዘጋጀት ማለት በየማዕዱ ፕሮቲንና አሰር ማስቀደም ነው። ጠዋት ከሻይና ከዳቦ ይልቅ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ከዳቦ ጋር፣ በጾም ቀን ደግሞ ፉል ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር እስከ ምሳ ያቆያል። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ በገበያችን ያሉ ጥሩ ምግቦች ናቸው። ፍጥነቱም ይቀንስ፤ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ በቂ ነው፤ ከዚያ ያነሰም ቢሆን ጉዞ ነው።

5. «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» ለሚሉት መልስ ያዘጋጁ

ስለ ክብደት በሚጻፉ ምክሮች ውስጥ ይህ ጉዳይ ሲነሣ ብዙም አላይም፤ በእኛ አገር ግን ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። መክሳት ለእኛ ለረጅም ዘመን የሕመም፣ የችግርና የሐዘን ምልክት ነበር፤ መወፈር የደስታና የመደላደል። እናት ልጇ ስምንት ኪሎ ቀንሳ ስታያት የምትሰጋው ከፍቅር ነው። «ፊትሽ ጠወለገ፣ ምን ሆነሽ ነው?» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ከተሰማ ልብ ይሸረሽራል፤ ሰውየው ሳያውቀው ለወዳጆቹ ሰላም ሲል መብላት ይጀምራል።

ከቅርብ ሰዎች ጋር አስቀድሞ መነጋገር የተሻለው መንገድ ነው። «እማዬ፣ ሐኪም ደም ግፊትሽን ለማውረድ ክብደት ቀንሺ ብሎኛል፤ ደህና ነኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጭንቀት ያስወግዳል፤ በእርግጥ እውነት ሲሆን ነው። የሐኪም ምክር ባይኖርም «ጉልበቴን እያመመኝ ስለነበር ቀነስኩ፤ አሁን ደረጃ ስወጣ አይደክመኝም» ማለት ይቻላል። ሰው ምክንያቱን ሲሰማ ከጎን ይቆማል።

በግብዣ ላይ ደግሞ ጋባዧን ሳያስከፉ ልክን መጠበቅ ይቻላል። ቀስ ብለው ይብሉ፤ ባዶ ሳህን ወዲያው ይሞላልና ጥቂት ያስቀሩበት። ዶሮ ወጡን ይምረጡ፣ በቀረው ላይ እጅዎን ይሰብስቡ። «በሞቴ» ሲባሉ «እርስዎ ይኑሩልኝ፤ ጠግቤ ነው፣ እጅዎ ይባረክ» ብሎ ምግቡን ከልብ ማመስገን ከእምቢታ ይሻላል። ጉርሻን አይመልሱ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የሚል ካለም ሁለተኛውን «አነስ አድርጊልኝ» ብለው ይቀበሉ። ግብዣ ይበዛብኛል ብሎ ከዘመድ መራቅ ግን አያስፈልግም፤ ብቸኝነት ራሱ ያስበላል።

6. ለበዓለ ሃምሳ የራሱን ሥርዓት ያውጡ

ለኦርቶዶክስ አማኝ ዋናው ፈተና ይህ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ዓመቱን ሙሉ ምግብን የሚመጥን የነበረው ሥርዓት ለጊዜው ይነሣል፤ በቦታው የተዘጋጀ ነገር ከሌለ ሰው እንደመጣለት ይበላል። በዚህ ጊዜ መጾም አይገባም፤ ምስርና ጎመን መብላት ግን የተከለከለ አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን ምሳዎ የጥራጥሬና የአትክልት ይሁን፤ ቅቤና ሥጋውን ለተቀሩት ቀናት ይመድቡ። ይህን የሚወስኑት ፋሲካ ከመግባቱ በፊት፣ በሰሙነ ሕማማት ቢሆን ይመረጣል። ዶሮው ከቀረበ በኋላ የሚወጣ ዕቅድ አይጸናም።

7. እግርዎን ያስነሱ

ለመመለስ ቀላሉ መንገድ መራመድ ነው። በመጀመሪያው ቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። ዓላማው በሳምንት 150 ደቂቃ ላይ መድረስ ነው። ይህ ቁጥር ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች 7 በመቶ ክብደት መቀነስንና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስን ግባቸው አድርገው ሲከታተሉ፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ እንኳን አይሞላም። የሰርግ ፎቶ ለማሳመር ሃያ ኪሎ ካልቀነስኩ የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ እመኛለሁ።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃውን መውጣትና መውረድ፣ እሑድ ወደ እንጦጦ መውጣት አለ። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ሰበብ እንዳይሆን ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ከወዲሁ ይምረጡ፦ ወንበር ላይ መቀመጥና መነሣት፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ።

አንድ ቀን ቢያመልጥስ? እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የለንደን ጥናት አንድ ልማድ ያለ ማሰብ የሚደረግ ለመሆን ከ18 እስከ 254 ቀናት ወስዷል፤ መካከለኛው 66 ቀን ነበር። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱ ሥር እንዳይሰድ አላገደውም። ስለዚህ የምመክረው ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ ሁለት ቀን በተከታታይ አይዝለሉ።

8. ወደ ሐኪም መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ምግብዎን በብዛት ከመቀነስዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ክብደት ሲወርድ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ማዕድ ቢዘል ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድበት ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች በራሳቸው ውሳኔ የማክሻ ምግብ አይጀምሩ።

በአግባቡ እየበሉና እየተንቀሳቀሱ ለወራት ክብደትዎ እየጨመረ ከሄደ፣ በተለይ ብርድ የማይችሉ፣ የሚደክምዎትና ሆድዎ የሚደርቅ ከሆነ፣ የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቁ። አንዳንድ የአእምሮ ጤና መድኃኒቶችና ስቴሮይዶችም ክብደት ይጨምራሉ፤ በራስዎ ግን አያቋርጧቸው፣ ሐኪሙ ይለውጥልዎ። በማኅበራዊ መገናኛ የሚሸጡ «በሳምንት አሥር ኪሎ» የሚሉ ሻዮችና ክኒኖች ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም፤ የሚያስቀምጥ ከሆነ ያስወጣው ውኃ ነው፤ አይግዟቸው። ሳይሞክሩ ክብደትዎ እየወረደ ከሆነ ደግሞ ደስ አይበልዎት፤ በዚያው ሳምንት ይመርመሩ።