ስቴክና ድንች በአንድ መጥበሻ፦ ችግሩና መፍትሄው

ስቴክና ድንችን በአንድ መጥበሻ መሥራት የሚወደደው የሚታጠብ ዕቃ ስለማያበዛ ነው። ጣጣው ግን ጥሬ ድንች ሃያ ደቂቃ ያህል ሲፈልግ ሁለት ጣት የሚወፍር ስቴክ አሥር ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ሁለቱን አንድ ላይ የጣደ ሰው አንዱን ማበላሸቱ አይቀርም።

ስጋው ውሃ አውጥቶ ተቀቀለ

ብዙው ሰው የሚያማርረው በዚህ ነው። ስጋ ቡናማ ሆኖ የሚሸተው ላዩ 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ውሃ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ከከፍታው የተነሳ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። መጥበሻው ላይ ውሃ እስካለ ድረስ የስጋው ላዩ ከዚያ ብዙም አይግልም፤ ግራጫ ሆኖ ይቀቀላል።

ውሃው የሚመጣው ታጥቦ ሳይደርቅ ከተጣደ ስጋ፣ ከፍሪዘር ወጥቶ በደንብ ካልቀለጠ ስጋ ወይም ከተጨናነቀ መጥበሻ ነው። ስጋውን በሶፍት ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁት። ጨው ከ40 ደቂቃ በፊት ነስንሱ፣ አለዚያም ልትጥዱት ስትሉ፤ በመካከሉ ከሆነ ያወጣውን ውሃ መልሶ ሳይመጥ ትጥዱታላችሁ። መብራት ሲደክም የኤሌክትሪክ ምድጃ አቅም ስለሚያንሰው አንድ አንድ ቁራጭ ጥበሱ።

ጀምራችሁት ውሃ ካወጣስ? ስጋውን አውጡ፣ ፈሳሹን በሳህን ገልብጡት (አትድፉት፣ በኋላ ለድንቹ ይሆናል)፣ መጥበሻውን ጭስ እስኪል አግሉና ስጋውን አድርቃችሁ መልሱ።

ስጋው አልታኘክ አለ

መጀመሪያ ብልቱን እዩ። ሽንጥ፣ ዳቢት ወይም ጭቅና ይሁን፤ ወርች ለወጥ ነው። ልኳንዳው ዝም ካላችሁት ለጥብስ ይከታትፈዋል፣ ስለዚህ ውፍረቱን በጣት አሳዩት።

ብልቱ ትክክል ሆኖም ከጠነከረ ምክንያቱ ትኩስነቱ ሊሆን ይችላል። ለጥሬ ስጋ ትኩስነት ይመሰገናል፣ ለስቴክ ግን አይስማማም። ከብት ከታረደ በኋላ ጡንቻው ለአንድ ቀን ያህል ይገተራል፤ የሚላላው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሊት ታርዶ ጠዋት የተሰቀለውን ገዝታችሁ ለምሳ ብትጠብሱት እንደ ጎማ ቢሆን አይግረማችሁ። ፍሪጅ ውስጥ (ፍሪዘር አላልኩም) ሳይከደን ሁለት ቀን ይቆይ፤ ላዩም አብሮ ይደርቃል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ አንድ ቀን ይበቃዋል። ስትቆርጡት ደግሞ የስጋውን ክር አቋርጡ።

ድንቹ ውጪው አርሮ ውስጡ ጥሬ ነው

ወይ በትልቁ ተቆርጧል፣ ወይ ፍሪጅ ውስጥ ከርሟል። ድንች ሲበርደው ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ሳይበስል ይጠቁራል። ከፍሪጅ ውጪ፣ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩት።

እኔ የማምንበት አሠራር ይህ ነው፦ ድንቹን በመካከለኛ መጠን ቆርጣችሁ እዚያው መጥበሻ ላይ በጨው ውሃ ቀቅሉት። ቢላ እየታገለ ሲገባ አውጡት፤ ደጋ ላይ ውሃው በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ በሰዓት አትመኑ። ውሃውን አጥልላችሁ እንፋሎቱ ይውጣለት፣ ከዚያ በዘይት ጠብሳችሁ ወደ ሳህን። ቀጥሎ ስጋው፣ በመጨረሻ ድንቹ ይመለሳል።

አሁን ያረረባችሁ ከሆነ ሁለት ሦስት ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ እሳቱን ቀንሳችሁ ለአምስት ደቂቃ ክደኑት።

ድንቹ ተጣበቀ

ቸኩላችሁ ነው። ቡናማ ሲሆን ራሱ ይለቃል።

ቅቤው ጠቆረ፣ ነጭ ሽንኩርቱ መረረ

ለጋ ቅቤ ውስጥ ያለው የወተት ቅሪት ቶሎ ያርራል። ንጥር ቅቤ የተሻለ ሙቀት ይችላል፤ በደንብ ካልተጠለለ ግን የኮረሪማውና የኮሰረቱ ርዝራዥ ያርርበታል። በዘይት ጀምሩ፤ ቅቤውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና የጥብስ ቅጠሉን በመጨረሻዋ ደቂቃ ጨምሩ። አንዴ ካረረ ጠርጋችሁ ጣሉት፣ ጨውም ሎሚም አያድነውም።

ላዩ ደረሰ፣ መሃሉ ግን ጥሬ

እሳቱን ቀንሱና በየደቂቃው አገላብጡ። ኮሶ ለሚያሰጋው ሰው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለሙሉ የበሬ ሥጋ ቁራጭ የሚመክረው መሃሉ 63 ዲግሪ ደርሶ ለ3 ደቂቃ እንዲያርፍ ነው። የስጋ ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ለብለቡ ይቅርባችሁ፣ በደንብ አብስሉት። ስጋው ባረፈበት ሳህን ላይ የቀረውን ፈሳሽ ድንቹ ላይ አፍሱት።