ጀሶ የታሰረ ሰው ቤታችሁ ካለ ጣቶቹን እዩ

እጁ ወይም እግሩ ተሰብሮ ጀሶ የታሰረ፣ ወይም ወጌሻ ጋ ሄዶ በቀርከሃ የታሰረ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ጣቶቹን ደጋግማችሁ እዩለት። የተሰበረው ቦታ ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አብሮ አይሰፋም። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ወይም ሕመሙ በማስታገሻ አልቆም ብሎ እየባሰ ከሄደ፣ "ስብራት ነው፣ ያማል" ብላችሁ አታሳድሩት። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ውሰዱት። የጥቂት ሰዓት መዘግየት እጅ ወይም እግር ሊያስቆርጥ ይችላል፤ ልጅ ላይ ሲደርስ ደግሞ አንጀት ይበላል።

አጥንት ራሱን መጠገን ያውቅበታል። መጀመሪያ ስብራቱ ላይ ደም ይረጋል፣ በሳምንታት ውስጥ ለስላሳ ድልድይ ይሠራል፣ ከዚያ ካልሲየም እየገባበት ይጠነክራል፤ ቅርጹን አስተካክሎ እስኪጨርስ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ሕመሙ ጠፋ ብላችሁ ጀሶውን ራሳችሁ አትፍቱ። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነም ያቁም፣ አጥንቱ ቶሎ አይገጥምለትም።

ልጆች ላይ ስብራቱ መገጣጠሚያ አጠገብ ከሆነ ራጅ ሳይነሱ በፍጹም አይታሹ። አጥንት የሚረዝመው እዚያ ባለው የዕድገት ንጣፍ ነው፤ እሱ ከተጎዳ እጁ ወይም እግሩ አጥሮ ወይም ተጣምሞ ሊቀር ይችላል።